ፔፐሬ ለጆርናል ለመላክ ደርሷል ወይስ አልደረሰም? እኔ እንዴት እንዳየሁት

የጥናት ፔፐሬን ድራፍት እንደጨረስኩ የምሰማው ምክር ሁሉ "ግራመሩን አስተካክለህ ላከው" ነበር። እኔ ግን ቋንቋውን መጨረሻ ላይ ነው የነካሁት፣ ነገ ለሚቆረጥ አረፍተ ነገር ዛሬ ምን አደከመኝ። ፔፐር ደርሷል የሚባለው በእንግሊዝኛው ማማር ሳይሆን ያልከው ነገር በሙሉ ዳታህ ላይ መቆም ሲችል ነው ብዬ ነው የማምነው።

ትንሽ ጊዜ ሳላየው አስቀመጥኩትና ስመለስ ከኮንክሉዥኑ ጀምሬ ወደ ኋላ አነበብኩት። እያንዳንዱን ድምዳሜ ይዤ ይሄ ከየትኛው ቴብል ነው የመጣው እያልኩ የቴብሉን ቁጥር በእስክሪብቶ ከጎኑ ጻፍኩ፣ ቁጥር ያላገኘሁለት ወይ ይለሰልሳል ወይ ይወጣል፣ በቃ። ጥናቴ ክሮስ ሴክሽናል ነው፣ ሁሉም ነገር አንድ ጊዜ ላይ ነው የተለካው፣ ስለዚህ የቱ ቀድሞ የቱ እንደተከተለ ዳታው አይነግረንም፣ እና "ያስከትላል" "ይቀንሳል" የሚሉትን አንድ በአንድ ፈልጌ "ተያያዥነት አለው" አደረኳቸው። ትንሽ ነገር ይመስላል ግን ጎበዝ ሪቪወር (ጆርናሉ ፔፐሩን እንዲገመግም የሚልክለት ባለሙያ) ቶሎ የሚይዝህ እዚህ ጋ ነው።

ከዛ አብስትራክቱን፣ ሪዘልቱንና ቴብሎቹን ጎን ለጎን ከፍቼ ቁጥር ማመሳከር ጀመርኩ። አብስትራክት ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይጻፍና ዳታው እንደገና ሲተነተን አሮጌው ቁጥር እዛው ይቀራል። የተሳታፊው ብዛት ሶስቱም ቦታ አንድ ነው ወይ፣ የየረድፉ ድምር ከጠቅላላው ጋር ይገጥማል ወይ፣ እነዚህን በካልኩሌተር ነው ያየሁት። ሌላው ደግሞ ኤስፒኤስኤስ (የስታትስቲክስ ሶፍትዌሩ) ፒ ቫልዩን፣ ማለትም ልዩነት ባይኖር እንዲህ ያለ ውጤት በአጋጣሚ የመገኘት ዕድሉን፣ 0.000 ብሎ ሲያወጣ እንዳለ ኮፒ አይደረግም፣ ዜሮ ነው ማለት አይደለም እኮ፣ አጠጋግቶት ነው፣ ከ0.001 በታች ተብሎ ነው የሚጻፈው።

በጣም የጠቀመኝ ግን ፔፐር ውስጥ ምን ምን መጻፍ እንዳለበት የሚዘረዝር ቼክሊስት ነው። እንደኔ ላለ ኦብዘርቬሽናል (ጣልቃ ሳይገቡ ያለውን ብቻ የሚያዩበት) ጥናት ስትሮብ የሚባል 22 ነጥብ ያለው አለ፣ ለሲስተማቲክ ሪቪው (ቀድመው የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስቦ ለሚገመግም) የ2020ው ፕሪዝማ 27 ነጥብ አለው፣ ለራንደማይዝድ ትራያል (ተሳታፊዎችን በዕጣ መድቦ ለሚሞክር) ደግሞ ኮንሶርት። አለ አለ እያሉ ምልክት ማድረግ ዋጋ የለውም፣ ስንተኛው ገጽ ላይ እንዳለ ጻፉ፣ ያኔ የሌለው ራሱ ይታያችኋል። የጎደለ ዳታ ምን ተደረገ፣ ባያስን (ውጤቱን ወደ አንድ ወገን የሚያዛባ ነገር) እንዴት ተከላከልክ የሚሉት ላይ ነው ሰው የሚደናቀፈው።

ሜተድሱን ብቻ ቆርጬ ደግሞ ከኔ ፊልድ ውጪ ላለች ጓደኛዬ ሰጠሁና "ምን እንዳደረኩ መልሰሽ ንገሪኝ" አልኳት። ሁሉንም በደንብ ነገረችኝ፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቆም ብላ "ቆይ፣ አንሳተፍም ብለው እምቢ ያሉት ሰዎችስ?" አለች። ያቺ ጥያቄ አንድ ሙሉ ፓራግራፍ አስጨመረችኝ። ኮኦተሮች (ፔፐሩን አብረውኝ የጻፉት) ይህን አይጠይቁም፣ መልሱን ስለሚያውቁት።

ጆርናሉን በተመለከተ ኢምፓክት ፋክተሩን (ፔፐሮቹ በአማካይ ምን ያህል እንደሚጠቀሱ የሚያሳየውን ቁጥር) ሳይሆን ስኮፑንና በቅርብ ያወጣቸውን ፔፐሮች ነው ያየሁት፣ የማይገጥም ከሆነ ኤዲተሩ ለሪቪወር ሳይልከው ዴስክ ሪጀክት ያደርገዋል። ለማላውቀው ጆርናል ዶአጅ (በነጻ የሚነበቡ ጆርናሎች ዝርዝር) ላይ መኖሩን፣ የኮፕ (የሕትመት ሥነ ምግባር ኮሚቴ) አባል መሆኑን አረጋግጣለሁ። እና እባካችሁ በአንድ ጊዜ ለሁለት ጆርናል አትላኩ፣ ክልክል ነው።

የኦተር ጉዳይ ሳያልቅም ፔፐር አላለቀም። አይሲኤምጄኢ (የሕክምና ጆርናል ኤዲተሮች ኮሚቴ) ኦተር ለመባል 4 መስፈርት አለው፣ አራቱንም ማሟላት ግዴታ ነው፣ አንዱ የመጨረሻውን ድራፍት አንብቦ ማጽደቅ ነው። እኔ የሁሉንም ኮኦተር እሺታ በኢሜይል ሳልይዝ ሰብሚት አላደርግም፣ በኋላ ከሚመጣ ጭቅጭቅ ያድናል።

ግራመሩን ያየሁት ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ሪቪው አደራረጉ ደብል ብላይንድ (ኦተሩና ሪቪወሩ የማይተዋወቁበት) ከሆነ ደግሞ ስምን ከታይትል ፔጅ ማውጣት ብቻ አይበቃም፣ የወርድ ፋይሉ ፕሮፐርቲስ ውስጥ የኦተር ስም ይቀራል፣ የኤቲክስ ፓራግራፉም ላይ የተቋማችሁ ስም አለ፣ አፕሎድ ከማድረጋችሁ በፊት ሁለቱንም ከፍታችሁ እዩ።