ሁለት አዲስ ዓመት በኢየሩሳሌም

ጳጉሜን 4 ቀን 2010 ዓ.ም. እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤን ጉሪዮን አየር ማረፊያ ደረስኩ። የአይሁድ አዲስ ዓመት፣ ሮሽ ሃሻና፣ በዚያው ምሽት እንደሚገባ አውቄ ነው የሄድኩት። አገሩ እንዲህ ጭር እንደሚል ግን ማንም አልነገረኝም። ባቡር ቆሟል። አውቶቡስ ቆሟል። ሰው ሰብስበው ኢየሩሳሌም የሚያደርሱትን ሚኒባሶችም አላገኘሁም። አንድ ባለታክሲ 400 ሼክል ጠራ። «በዓል ነው» አለኝ፤ በዓሉን እኔ ያመጣሁት ይመስል። ተከራክሬ በ350 ተስማማን። በጊዜው ምንዛሪ ወደ 2,700 ብር መሆኑ ነው። በዚህ ብር ባሕር ዳር በአውቶቡስ ደርሼ ተመልሼ ለዓሣም ይተርፈኝ ነበር።

ያደርኩት አሮጌው ከተማ፣ ደማስቆ በር አጠገብ ነው። ስለ አልጋው ባላወራ ይሻላል።

በማግስቱ በእግሬ ወደ ምዕራቡ ሰፈር ወጣሁ። ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው። ከየምኩራቡ የቀንደ መለከት ድምፅ ይሰማል። መንገድ ላይ ነጠላ የለበሱ እናት አየሁና በአማርኛ ሰላም አልኳቸው። «ልጄ፣ ከአገር ነው የመጣኸው?» አሉኝ። እጄን እንደያዙ ልጃቸው ቤት ለምሳ ወሰዱኝ። እምቢ ማለት የሚቻል አልነበረም። የጎንደር ቤተ እስራኤል ናቸው፣ አምቦበር ነው ያደጉት።

ፖም በማር ቀረበ፣ ሮማን ቀረበ፣ ከዚያ ዶሮ ወጥ መጣ። ስጠግብ የሚከነክነኝን ጠየቅሁ። እኔ መስከረም 1 ከተባለ መስከረም 1 ነው የምል ሰው ነኝ። የእነሱ ግን አምና መስከረም 11 ውሎ ዘንድሮ ጳጉሜን 5 ሆነ። በእኛ 2010 ዓ.ም. ብቻ ሁለት ጊዜ አዲስ ዓመት አከበሩ ማለት ነው!

የልጅ ልጃቸው አስተማሪ ነው። በዓል ስለሆነ እርሳስ አይነካም። ስለዚህ ከሰሃኑ ወይራ እያነሳ ጠረጴዛው ላይ ይደረድር ጀመር። አሥራ ሁለት ወይራ፣ አሥራ ሁለት ወር። እያንዳንዱ በጨረቃ ልክ 29 ወይም 30 ቀን ነው። ሲደመር 354 ገደማ ይሆናል፤ ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያህል ይጎድላል። ዝም ቢሉት ፋሲካ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ የዚያ አገር የብርድ ወራት ውስጥ ይገባል። ኦሪት ደግሞ ፋሲካን ያዘዘችው በአቢብ ወር፣ ገብሱ ሲያሸት ነው። እዚህ ላይ አሥራ ሦስተኛዋን ወይራ አስቀመጠ። በ19 ዓመት ውስጥ 7 ጊዜ አዳር የሚባለውን ወር ሁለቴ ይቆጥራሉ። ትናንት ማታ የገባው ዓመት፣ በእነሱ ቁጥር 5779፣ ከሰባቱ አንዱ ነው።

እማማ በዚህ መሃል አንዷን ወይራ አንስተው ዋጥ አደረጉ። «እማማ፣ ኒሳንን በሉት እኮ!» አለ ልጁ።

ኒሳን፣ ያው አቢብ፣ ደግሞ ዋናው ወር ነው። ዘጸአት 12 የወሮች መጀመሪያ የሚለው እሱን ነው። ይሄ እኔ ያጋጠመኝ አዲስ ዓመት በዘሌዋውያን 23 የሰባተኛው ወር መባቻ፣ የመለከት ቀን ነው። ወር ከኒሳን ይቆጠራል፣ የዓመቱ ቁጥር ግን የሚቀየረው በሰባተኛው ወር በቲሽሪ ነው። በጣም የወደድኩት ሌላውን ሕግ ነው። ሮሽ ሃሻና እሑድ፣ ረቡዕና ዓርብ አይውልም። ስሌቱ እዚያ ላይ ቢጥለው ወደ ፊት ይገፉታል። ረቡዕ ቢውል አሥረኛው ቀን፣ ሥራ የማይሠራበት የጾም ቀን ዮም ኪፑር፣ ዓርብ ይሆንና ከሰንበት ጋር ይገጥማል። ሁለት ቀን ሙሉ ምግብ አይበሰል፣ ሬሳ አይቀበር። የጨረቃ ስሌት ለወጥ ቤት ሲታዘዝ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

«ሁለት ቀን ማክበር እዚህ ነው ያየነው» አሉ እማማ። «አገር ቤት አንድ ቀን ነበር። ቄሶቹ ይነግሩናል፣ እናከብራለን፣ አለቀ።»

ከሰዓት በኋላ ደብረ ዘይት ወጣሁ። ከደማስቆ በር የሚነሱት የዐረቦቹ አውቶቡሶች ይሠሩ ነበር፤ 5 ሼክል ገደማ ከፈልኩ። አናቱ ላይ ግመል ይዞ ፎቶ ተነሳ እያለ የሚጨቀጭቅ ሰውዬ አለ። እኔ ግን የማየው ምሥራቁን ነው። ጥንት ወር የሚጀመረው በስሌት ሳይሆን በምስክር ነበር። አዲስ ጨረቃ ያየ ሰው ኢየሩሳሌም መጥቶ ይመሰክራል፤ ዳኞቹ ከፀሐይ በሰሜን ነበረች በደቡብ፣ ቁመቷስ ስንት ነው እያሉ ያፋጥጡታል። መምጣት እንዳይሰለቸውም ግብር ይበላል። ከዚያ ከዚህ ተራራ ላይ ችቦ እያወዛወዙ ወሬውን ለሰርታባ ተራራ፣ ሰርታባም ለቀጣዩ ያስተላልፋል። ሳምራውያን የሐሰት እሳት እያነደዱ ሲያሳስቱ ነው ነገሩ ወደ መልእክተኛ የዞረው። ቋሚውን ስሌት ያወጣው በ4ኛው መቶ ዓመት ዳግማዊ ሂሌል ነው ይባላል። ቀራይም የሚባሉት አይሁድ ግን አሁንም ወር የሚጀምሩት ጨረቃዋን በዓይን በማየት ነው።

ማክሰኞ መስከረም 1 እዚያው ኢየሩሳሌም ባለው የእኛ ገዳም፣ ደብረ ገነት፣ አስቀደስኩ። ከቅዳሴ በኋላ ጠላ ይዘን ስንቀመጥ ለአንድ አባት የወይራውን ነገር አጫወትኳቸው። ፈገግ ብለው በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያናችን የበዓላት ስሌት፣ በጣታቸው ቆጠሩ። ዓመተ ዓለም 7511፤ ወንበር፣ ማለትም ከ19 ዓመቱ ዙር ያለፈው፣ 5፤ ከእሱ የሚወጣው የመጥቅዕ ቁጥርም 5። ከ14 በታች ስለሆነ በዓለ መጥቅዕ ጥቅምት 5 ይውላል።

«አባታችን፣ መጥቅዕ የመለከቱ በዓል አይደል እንዴ? እነሱ እኮ ትናንት ነፉ።»

«አውቃለሁ» አሉ። «አዳርን ገና ሁለቴ ይቆጥራሉ። ያኔ የእነሱ ወር ከእኛ ስሌት ጋር ይገናኛል፤ ፋሲካ ላይ እየው።»

አየሁት። የእነሱ ፋሲካ ሚያዝያ 12፣ የእኛ ሚያዝያ 20 ዋለ።