የሚመቻችሁን የሩጫ ቡድን ስትፈልጉ

አዲስ አበባ ውስጥ አብሯችሁ የሚሮጥ ሰው ካጣችሁ በማለዳ መስቀል አደባባይ ሂዱ። ገና ሳይነጋ ደረጃዎቹ ላይ ከጫፍ ጫፍ የሚመላለሰው ሰው ብዙ ነው፤ አትሌት አለ፣ ክብደት ሊቀንስ የመጣ አለ፣ ከሥራ በፊት ላብ ላብ ብሎት የሚሄድ አለ። ብዙ ቡድን የሚጀመረው እዚያው፣ «ነገም ትመጣላችሁ?» ከመባባል ነው።

እኔ መጀመሪያ የማየው የቡድኑን ፍጥነት ሳይሆን ወደ ኋላ የቀረውን ሰው እንዴት እንደሚይዙት ነው። አሁን በምሮጥበት ቡድን ውስጥ ፈጣኖቹ ዳገቱን ከጨረሱ በኋላ መልሰው ይወርዱና የመጨረሻዋን ሴት «አይዞሽ፣ በርቺ፣ ደርሰናል» እያሉ አብረዋት ይወጣሉ። እንዲህ ያለ ቡድን ካገኛችሁ በቃ፣ እንዳትለቁት!

ቦታውም ወሳኝ ነው። እንጦጦ በጣም ደስ ይላል፣ ባህር ዛፉ፣ ከአስፋልት ይልቅ ለጉልበት የሚመቸው አፈሩ፣ ግን ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሚደርስ ጀማሪን ትንፋሽ ያሳጥረዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ እያወራችሁ መሮጥ የምትችሉበትን ቡድን ምረጡ።

ደግሞ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ የሚካሄደው የ10 ኪሎ ሜትሩ ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ሲቃረብ ቡድኑ ሁሉ ይሞላል። አብዛኛውን ጊዜ ኅዳር ላይ ስለሆነ፣ ታኅሣሥ ላይም ማን እንደሚሮጥ ጠይቁ።