16 ጠርሙስ ሪዮሃ እንዴት እንደቀቀልኩ

ወይን ጠጅ ሙቀት እንደማይወድ ማንም ያውቃል፤ እኔም አውቅ ነበር። ማንም ያልነገረኝ ሙቀቱ በየት በኩል እንደሚመጣ ነው።

ማድሪድ ከመምጣቴ በፊት ቀይ ወይን ማለት ለእኔ ጉደር ነበር፤ እሱም ለሠርግና ለበዓል። የስፔኑን፣ በተለይ ሪዮሃ ከሚባለው የሰሜን ስፔን አካባቢ የሚመጣውን፣ የለመድኩት ምግብ ቤት ዕቃ ሳጥብ ነው። ማታ ሲዘጋ ጠርሙስ ውስጥ የተረፈችውን አስተናጋጆቹ ያካፍሉኝ ነበር፤ ዛሬ ክሪያንሳ፣ ነገ ሬሴርቫ፣ ከቀናኝ ደግሞ ግራን ሬሴርቫ። የመቅመስ ትምህርቴ ይኸው ነው፤ ለኮርስ ገንዘብ አታውጡ። ሁለት ብርጭቆ ጎን ለጎን አስቀምጡና ነጭ ወረቀት ላይ ዘንበል አድርጋችሁ ጠርዙን እዩ። ወጣቱ ወደ ሐምራዊ ያደላል፣ የቆየው ወደ ጡብ ቀለም። ከዚያ አሽትቱ። የድሮው ዓይነት ሪዮሃ በአሜሪካ ኦክ እንጨት በርሜል ስለሚቆይ ቫኒላና ኮኮናት ይሸታል። እንደ ወፍራም ሻይ ድዳችሁን ሲያደርቀው ታኒን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። ከዚህ በላይ የሚያብራራላችሁ ሰው የሚሸጠው ነገር አለው።

የደረጃ ስሞቹ ስለ ጊዜ እንጂ ስለ ጥራት አይናገሩም። በሪዮሃ ደንብ ቀይ ክሪያንሳ ቢያንስ 2 ዓመት፣ ሬሴርቫ ቢያንስ 3 ዓመት ይቆያል፤ ከሁለቱም ውስጥ ቢያንስ 1 ዓመቱ በርሜል ውስጥ ነው። ግራን ሬሴርቫ 5 ዓመት ነው፣ ቢያንስ 2ቱ በበርሜል። ክሪያንሳ የሚለው ቃል ራሱ "ማሳደግ" ማለት ነው። ያኔ ቃሉን ልብ ብዬው ቢሆን፣ ሌላ ሰው አሳድጎ የጨረሰውን ልጅ እንደገና ላሳድግ ብዬ አልነሳም ነበር።

ግን ተነሳሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 ሪዮሃ ውስጥ አሮ ከተማ አካባቢ ካለ አንድ ቦዴጋ፣ ማለትም ወይን ጠማቂ ቤት፣ 24 ጠርሙስ የ2010 ሬሴርቫ ገዛሁ። የሪዮሃ ተቆጣጣሪ ምክር ቤት ለ2010 ምርት ከፍተኛውን ደረጃ ሰጥቶታል፤ ሻጩም "20 ዓመት ይተኛል" አለኝ። ገና ልጅ ሳይኖረን ለልጅ ክርስትና ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

ቤታችን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ኦገስት ላይ ሳሎኑ 32 ዲግሪ ይገባል። ስለዚህ ምድር ቤት ያለውን ትራስቴሮ፣ ማለትም የዕቃ ማስቀመጫ ክፍል፣ ተከራየሁ። ኦክቶበር ላይ ሙቀት መለኪያ ይዤ ወርጄ አራት ቀን ሙሉ ለካሁ፤ 14 ዲግሪ፣ ንቅንቅ የለም። ለማረጋገጥ ለሕንፃው አስተዳዳሪ ደወልኩ። "የማሞቂያ ቱቦ ያልፋል ወይ?" "በፍጹም፣ ምንም የለም።" ፕላን ሳያይ፣ "ቆይ ልጠይቅ" ሳይል። እኔም አመንኩት።

16ቱን ከግድግዳው ጋር ባቆምኩት መደርደሪያ ላይ አጋደምኩ፤ የምድር ቤት ግድግዳ ይቀዘቅዛል ብዬ ነው። 8ቱ ቦታ ስላጡ በካርቶናቸው በሩ አጠገብ ወለል ላይ ቀሩ። ከዚያ ሁሉም የሚመክረውን አደረግኩ። አትነካካው፣ መብራት አታብራበት፣ አትቀስቅሰው ይላሉ አይደል? ሦስት የብርድ ወቅት አልቀሰቀስኩትም። ዛሬ ይሄን ምክር የሚሰጠኝ ሰው ሳገኝ ጥርሴን ነክሼ ነው የማልፈው።

ሜይ 2018 የሴት ልጃችን ክርስትና ደረሰ። የመጀመሪያውን ጠርሙስ ሳነሳ ቡሹ ከአፉ ትንሽ ወደ ላይ ወጥቷል፤ ከሽፋኑ ሥር የሚያጣብቅ ነገር ደርቋል። ይህን ጊዜ መግባት ነበረበት ጭንቅላቴ ውስጥ። ወይን ሲሞቅ ያብጣል፣ ቡሹን ይገፋል፣ በጎኑ ይፈሳል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ አየር ይስባል። እኔ ግን እንግዳ ቆሞ ስለነበር ቀዳሁ። ቀለሙ ሻይ መስሏል። ሽታው የተቀቀለ ዘቢብ። እንግዶቹ በይሉኝታ "ግሩም ነው" አሉ፤ አንዷማ ድገመኝ አለችኝ። ዕድሜያቸውን በሆቴል ሥራ የጨረሱ አንድ አባት ብቻ ብርጭቆውን ቀስ አድርገው አስቀመጡና ወደ ጆሮዬ ተጠግተው "አንተ ልጅ፣ ይሄ እኮ ተቀቅሏል" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ምድር ቤት ነው ያቆየሁት" አልኩ። ዝም ብለው አዩኝ።

የመደርደሪያዎቹ 16ቱም እንዲያው ሆነው ተገኙ። የወለሉ 8 ግን ደህና ናቸው! ይሄ ነገር ሊገባኝ አልቻለም፤ ወርጄ ስለካው አሁንም 15 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ጥፋቱን ቦዴጋው ላይ ጣልኩ፤ በማላምንበት ጨዋነት የጀመረ፣ በስድብ የጨረሰ ደብዳቤ ጻፍኩላቸው። የመለሱልኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ "የት ነበር ያቆዩት?" ያን ደብዳቤ እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ፊቴ ይግላል።

ኖቬምበር ላይ ሻንጣ ላወጣ ወረድኩ። ሚዛኔን ስቼ እጄን ግድግዳው ላይ አሳረፍኩ። ምጣድ! ሙቀት መለኪያውን ባስጠጋው 29 ዲግሪ። የሕንፃው የጋራ ማሞቂያ ከኖቬምበር እስከ ማርች ይሠራል፤ ዋናው ቱቦ በልስኑ ውስጥ፣ ልክ ከመደርደሪያዬ ጀርባ ያልፋል። ኦክቶበር ላይ ለካሁ፣ ሜይ ላይ ለካሁ፤ ሁለቱም ጊዜ ጠፍቷል። አስተዳዳሪው ዘንድ ስሄድ "ትራስቴሮ የተሠራው ለወይን አይደለም፣ ውልዎን ያንብቡ" አለኝ። ስልኩንስ? "አላስታውስም።" በጽሑፍ ያልጠየቅኩት እኔ ነኝ።

እንግዲህ ቦታ ስታዩ በጃንዋሪና በኦገስት ለኩ፤ ከፍተኛና ዝቅተኛውን የሚመዘግብ መለኪያ ርካሽ ነው። ወለሉንም ግድግዳውንም ለየብቻ። በየወሩ ውረዱ፤ ወይኑ ቢቀሰቀስ አይሞትም። እኔ አሁን 13 ዲግሪ ላይ የሚቆም ትንሽ የወይን ማቀዝቀዣ አለኝ። እሱ ከሌላችሁ፣ ባለሙያዎቹ ቢቆጡም፣ ከሞቀ ኩሽና የምግብ ፍሪጅ ለጥቂት ወራት ይሻላል።

ከሁሉም በላይ ሪዮሃ ማስቆየቱን ለቦዴጋው ተዉለት። ላጓርዲያ የምትባለው ከተማ ሥሯ በሙሉ በወይን ዋሻ ስለተቦረቦረ መኪና ወደ ውስጥ አይገባም፤ አሮ ላይ እንደ ሎፔዝ ዴ ኤሬዲያ ያሉ፣ ከ1877 ጀምሮ ያሉ ቤቶች፣ ወይናቸውን እነሱው ለዓመታት አቆይተው ነው የሚያወጡት። ትንሽ ጨምራችሁ የበሰለውን ግዙ። ቤት ማስቆየት ካማራችሁ ሪቤራ ዴል ዱዌሮ ከሚባለው ሌላ የስፔን የወይን አካባቢ የመጣ ወጣት ወይን ይሁን። እዚያም እንደ ሪዮሃ ዋናው የወይን ዘር ቴምፕራኒዮ ነው፣ ቲንቶ ፊኖ ይሉታል፤ ደጋ ላይ ስለሚበቅል ሌሊቱ ይበርደዋል፣ ሲወጣም ብዙ ጊዜ ገና ቆጣ ያለ ነው። ስድስት ግዙ፣ በዓመት አንድ ክፈቱ። የቆየውን ጠርሙስ ከመክፈታችሁ አንድ ቀን በፊት አቁሙት፣ አተላው ይዝቀጥ።

ከ16ቱ የተረፈውን ባለቤቴ አዋዜ በጠበጠችበት፤ አዋዜው ጥሩ ወጣ።

ባለፈው ጃንዋሪ የድሮ ትራስቴሮዬን የተከራየው ጎረምሳ ካርቶን ወይን ታቅፎ ሲወርድ አየሁት። ተከትዬው ወረድኩ። ምንም ሳልለው እጁን ይዤ ግድግዳው ላይ አሳረፍኩለት።