ከሥዕሉ ጀርባ የነበረው ወረቀት

ጥር 9 ቀን ነበር። ጎንደር ለጥምቀት ሽር ጉድ ትላለች፤ ፒያሳ ያለችው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤታችንም በሰው ተጨናንቃለች። አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው በሩ ሥር ቆመው ሰው እስኪቀንስ ጠበቁ። ተራቸው ደርሶ ሲገቡ ከቃላቸው እንባቸው ቀደመ።

«ልጄ፣ ማመልከቻ ጻፊልኝ። ሴትዮዋ ልጄን አልለቅም አለችብኝ።»

ልጃቸው በኮንትራት ሪያድ ከሄደች ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኗታል። ኮንትራቱ የሁለት ዓመት ነበር። ማዳሟ በተቀበለቻት ቀን «እንዳይጠፋብሽ» ብላ ፓስፖርቷን ወስዳ ቆልፋበታለች። ልጅቷ ጊዜዬን ጨርሻለሁ፣ አገሬ ልግባ ስትል «ምትክሽ ሳይመጣ ፓስፖርትሽን አታዪውም» ተባለች። የመጨረሻዎቹ አራት ወራት ደሞዝም አልተከፈላትም። ይህን ለእናቷ የምትነግራቸው ቤቱ ሲተኛ፣ በኢሞ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው።

ጻፍኩላቸው። ከልቤ ነው የጻፍኩት። «ለሚመለከተው ሁሉ» ብዬ ጀምሬ የአባቷን መሞት፣ የታናናሾቿን ነገር፣ የእናቲቱን እንቅልፍ ማጣት ሁለት ገጽ ሙሉ አሰፈርኩ። ሳነብላቸው «ልክ ነው ልጄ፣ ልክ ነው» እያሉ አለቀሱ፤ እኔንም እንባ ተናነቀኝ። የቀረ ነገር ያለ አልመሰለኝም።

በዓሉ አልፎ ቢሮ ሲከፈት ወረቀቱን ሥራና ክህሎት ቢሮ ይዘውት ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ተመለሱ። የተቀበላቸው ባለሙያ በማመልከቻው ራስጌ ላይ በእርሳስ ጽፎበታል፦ የፓስፖርት ቁጥር? የላካት ኤጀንሲ? የአሠሪዋ ስም? በሁለቱ ገጾች ውስጥ ከእነዚህ አንዱም አልነበረም። ሰውየው እውነቱን ነው። በዚያ ወረቀት ሪያድ ውስጥ አንዲትን ልጅ ፈልጎ የሚያገኝ ሰው የለም።

የባሰውን ስሕተት የሠራሁት ግን ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ነው። እሳቸው ገና ሱቁ ውስጥ እያሉ ልጅቷ ደወለች። ስልኩን ተቀብዬ «በር ተከፍቶ ስታገኚ ውጪና ታክሲ ይዘሽ ኤምባሲ ሂጂ» አልኳት። ቆራጥ መሆን የሚያስፈልግ መስሎኝ ነው። አጠገባችን ቡና የምታፈላው ሴት ሲኒ ልትሰበስብ ገብታ ይህን ስትሰማ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። ጅዳ ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ናት።

«የኔ እኅት፣ ትመታሻለች?»

«አትመታኝም።»

«ምግብ ትከለክልሻለች? ከቤቱ ወንድ የሚያሰጋሽ አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው ዛሬ አትውጪ። ዝም ብለሽ ከወጣሽ 'ጠፍታብኛለች' ብላ ታስመዘግብሻለች። ሁሩብ (ከአሠሪዋ የጠፋች) ከተባልሽ ፖሊስ የሚይዘው አንቺን ነው፣ ደሞዝሽን የምትጠይቂበትም አፍ አይኖርሽም። እጇን ካነሳችብሽ ወይ ለነፍስሽ ከሰጋሽ ግን ያኔ ሌላ ነው፤ ምንም ሳትጠብቂ ውጪ፣ ወረቀቱ በኋላ ይደርሳል።»

ከዚያ ረጋ ብላ አንድ በአንድ ነገረቻት። ኢቃማሽ (የመኖሪያ ፈቃድሽ) እጅሽ ላይ ከሆነ በሁለቱም በኩል ፎቶ አንሺው። የቤቱን ሎኬሽን ላኪ። ደሞዝ የተከፈለሽንና ያልተከፈለሽን ወር ለይተሽ ጻፊ። ማዳምሽ ፓስፖርቱን አልሰጥም ያለችበት የድምፅ መልእክት ወይም ጽሑፍ ካለ ለእናትሽ ልከሽ ከስልክሽ ላይ አጥፊው። የመክተቡን (እዚያ ያለውን የሠራተኛ አስቀጣሪ ቢሮ) ስልክ ፈልጊ። በልጅቷ ድምፅ ውስጥ ልቅሶው እየቀነሰ፣ ጥያቄ መጠየቅ ስትጀምር ሰማሁ።

ስልኩ ሲዘጋ ይህቺ ሴት ራሷ ያለ ፓስፖርት፣ ቆንስላው በሰጣት ሊሴ ፓሴ (በፓስፖርት ፈንታ የሚሰጥ የመመለሻ ወረቀት) እንደተመለሰች ነገረችን። የሷ ማዳም እስከ መጨረሻው አልሰጠቻትም። ሊሴ ፓሴ አገር ቤት ያስገባል፤ የቀረ ደሞዝ ግን አያስከፍልም። በዚያ ላይ ከሳዑዲ ለመውጣት ፓስፖርት ብቻውን አይበቃም፤ የቤት ሠራተኛ ኹሩጅ የሚሉት የመውጫ ቪዛ ያስፈልጋታል፣ እሱም በአሠሪዋ በኩል የሚያልፍ ነው። ነገሩን በእርጋታ ማስኬድ የሚያስፈልገው ለዚህ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

በማግስቱ እናቲቱን እንደ አዲስ ጠየቅኋቸው። ይህን ጊዜ ስለ ኀዘናቸው አልጠየቅኩም። «እማማ፣ ልጅዎ ስትሄድ የሰጠችዎት ወረቀት ነበር?»

«ነበር እንጂ። የኪዳነ ምሕረት ሥዕል ጀርባ አስቀምጬዋለሁ።»

ለምን እንዳልነገሩኝ አልጠየቅኳቸውም፤ ያልጠየቅኩት እኔ ነኝ። ማንበብ አይችሉም፤ ወረቀቱ ግን ልጃቸው በእጇ የሰጠቻቸው ነውና እንደ አደራ ጠብቀውታል። አዘዞ ድረስ ሄደው አመጡት። አራት ቦታ ታጥፏል፣ ዕጣን ዕጣን ይሸታል። የሥራ ውሉ ቅጂ ነበር። የኤጀንሲው ስም፣ የአሠሪዋ ስምና ስልክ፣ የልጅቷ የፓስፖርት ቁጥር፣ የወር ደሞዟ፣ ሁሉም አለበት። ባለሙያው በእርሳስ የጠየቀው ሁሉ ሁለት ዓመት ሙሉ እሳቸው በሚጸልዩበት ግድግዳ ላይ ነበር።

ሁለተኛው ማመልከቻ አንድ ገጽ እንኳ አልሞላም። ማን፣ የት፣ በማን በኩል ሄደች፣ ውሉ መቼ አለቀ፣ ስንት ወር አልተከፈላትም፣ ፓስፖርቷ በማን እጅ ነው። መጨረሻ ላይ ሁለት የሕግ ነጥብ ጨመርኩ። የመጀመሪያው የኛው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ነው፤ ሠራተኛዋን የላከው ኤጀንሲ ውሉ ሲጣስ ከአሠሪው ጋር በአንድነትና በተናጠል ኃላፊ ነው። ሁለተኛው የሳዑዲ የሚኒስትሮች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው ውሳኔ ቁጥር 166 ነው፤ አሠሪ የሠራተኛን ፓስፖርት እንዳይዝ ይከለክላል። ሌሎች የዓረብ አገሮችም ከልክለዋል፤ ኳታር እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣችው ሕግ ቅጣቱን እስከ 25,000 ሪያል አድርሳዋለች። «እንዳይጠፋብሽ ነው የያዝኩልሽ» የሚለውን ቃል ብዙ ልጆች ደግነት እየመሰላቸው ይቀበሉታል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ግን ሰነድ መያዝን ከ11ዱ የግዳጅ ሥራ ምልክቶች እንደ አንዱ ይቆጥረዋል።

ማመልከቻውን ከውሉ ኮፒ ጋር በአራት አዘጋጀሁት፦ አንዱ ለሥራና ክህሎት፣ አንዱ ለኤጀንሲው፣ አንዱ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ሪያድ ላለው ኤምባሲያችን፣ አንዱ የእሳቸው ቀሪ። ለልጅቷም የሳዑዲ የሰው ኃይል ሚኒስቴር አቤቱታ የሚቀበልበትን 19911 ላክንላት፤ መደወል ባትችል እንኳ ቁጥሩን እንድትይዘው።

ኤጀንሲው በመጀመሪያ «ውሉ ስላለቀ አይመለከተንም» አለ። እናቲቱ ሦስት ጊዜ አዲስ አበባ ተመላለሱ፤ ለአውቶቡሱ በግ ሸጠዋል። በሦስተኛው ጊዜ ጉዳዩ በሥራና ክህሎት በኩል በደብዳቤ ሲጠየቅ ኤጀንሲው ሪያድ ላለው መክተብ ደወለ፣ መክተቡ ደግሞ ማዳሟን ጠራት። ፋሲካ ሳይደርስ ፓስፖርቱ ከቁልፍ ወጣ። ልጅቷ ከኹሩጁ ጋር የሁለት ወር ደሞዝ ተቀብላ ቦሌ ገባች።

ሁሉም ሰው ኤጀንሲ የለውም። በመተማ በኩል በደላላ ወጥተው ሱዳንን አቋርጠው የሚሄዱ የኛ አካባቢ ልጆች ውል የላቸውም፣ የሚጠየቅላቸው ኤጀንሲም የለም። ለነሱ ቤተሰብ ስጽፍ የማዞረው ወደ ኤምባሲና ቆንስላ ብቻ ነው፤ ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ የፓስፖርት ወይም የመታወቂያ ቅጂ፣ ሎኬሽን። እነዚህ ማመልከቻዎች ሲጻፉ እጄ ይከብደኛል።

አሁን ለጉዞ ፓስፖርት ኮፒ ሊያስደርግ የመጣ ሰው ሲያጋጥመኝ ሁለት አወጣለታለሁ፤ ለሁለተኛው አላስከፍልም። «ይህን ማን ጋ ታስቀምጣላችሁ?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ ውሉንም በስልካቸው ፎቶ አንስተው አገር ቤት ለሚቀር ሰው እንዲልኩ እነግራቸዋለሁ። የሱቁ ባለቤት መጀመሪያ ወረቀት ታባክኛለሽ ብሎኝ ነበር፤ የሆነውን ስነግረው ዝም አለ።

ልጅቷ በመጣች በሳምንቱ ከእናቷ ጋር ሱቅ ድረስ መጥታ አየኋት። ቀጭን ናት፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ የመናገር ልማዱ አልለቀቃትም። የቀረውን የሁለት ወር ደሞዝ ለመጠየቅ ሌላ ማመልከቻ ጽፈን አስገብተናል። እስካሁን መልስ አልመጣም። ቀሪው ቅጂ ከውሉ ጋር መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ በየወሩ መጀመሪያ እናቲቱ ብቅ ብለው «ልጄ፣ ደወሉ?» ይሉኛል።