ሰበቃ ሲቀንስ የከዳ ፍሪሲዮን

ባጃጇ ጋራዥ የገባችው በፍሪሲዮን፣ ማለትም ሞተሩን ከካምቢዮው በሚያገናኘውና በሚያላቅቀው ዕቃ፣ ስሞታ ነው። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጉልበቱ ግን ጎማው ጋ አይደርስም፤ በተለይ ሦስት ሰው ጭና ሽቅብ ስትወጣ። ገመዱ ተፈተሸ፣ ልቅነቱ ልክ ነው። ፍሪሲዮኑ ተከፍቶ ሲታይ እየተጣበቁ ጉልበት የሚያስተላልፉት ሸራዎች አላለቁም፣ አልተቃጠሉም። ሞላዎቹም ደህና ናቸው።

«ዘይት መቼ ቀየርክ?» አለው መካኒኩ ሹፌሩን ልጅ።

«በቀደም። ያውም ውዱን ነው ጋሼ፣ ሰበቃ ይቀንሳል የተባለውን። ሞሊብዲነም ያለበትንም ትንሿን ጠርሙስ ጨመርኩበት።»

የዘይቱን ጠርሙስ ከወንበሩ ሥር አወጣው። 5ደብልዩ-30፣ የቤት መኪና ዘይት። ከጀርባው ባለው ክብ ምልክት ግርጌ «ሪሶርስ ኮንሰርቪንግ» ይላል፤ ሰበቃ ቀንሶ ነዳጅ ይቆጥባል እንደማለት ነው።

ዘይቱ የሚለውን በትክክል ይሠራል። በውስጡ ያለው የዚንክና የፎስፎረስ ውህድ፣ ዜድዲዲፒ የሚባለው፣ የሞተሩን ቫልቭ የሚከፍቱት ካም እና ታፔት በሚፋጩበት ቦታ በሙቀትና በጫና ይፈርስና ብረቱን መስታወት መሰል ስስ ሽፋን ያለብሰዋል። ይህ ሽፋን ብረቱን ከመበላት ያድናል እንጂ ብቻውን ሰበቃ አይቀንስም፤ እንዲያውም ትንሽ ሊጨምር ይችላል። ሞሊብዲነሙ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። በዚያው ሽፋን ላይ እንደ ካርታ ወረቀት አንዱ በአንዱ ላይ የሚንሸራተት ንጣፍ ይሠራል። አንዱ ይጠብቃል፣ ሌላው ያለሰልሳል። በዘይቱ ውስጥ ያሉት ቆሻሻ አጣቢ ቅመሞች ደግሞ እነሱም ብረቱ ላይ መቀመጥ ስለሚሹ ከዚንኩ ጋር ቦታ ይሻማሉ። አምራቹ መጠናቸውን ተጨንቆ የሚመጥነው ለዚህ ነው፤ ተመጥኖ በተዘጋጀ ዘይት ላይ ከሱቅ የተገዛ ጠርሙስ መገልበጥ ያንን ሚዛን ማፍረስ ነው።

ባጃጅ ላይ ግን ሌላም ጣጣ አለ። ሞተሩ፣ ካምቢዮውና ፍሪሲዮኑ የሚታጠቡት በአንድ ዘይት ነው። ለካሙ የተላከው ማለስለሻ ሸራው ላይም ይሄዳል።

ልጁ አልተዋጠለትም። «ታዲያ የዘይት ሥራ ሰበቃ መቀነስ አይደለም እንዴ?»

«ፍሪሲዮን እኮ በጣሊያንኛ ሰበቃ ማለት ነው» አለው መካኒኩ፣ ሸራውን በጣቱ እያሸ። «ይሄ ዕቃ የሚኖረው በሰበቃ ነው። ዘይትህ የቀነሰው እሱን ነው።»

ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የለም። ስንት ዓመት «ፍሪሲዮን» እያልን ስሙ ምን እንደሚል ያሰብንበት ጥቂት ነን።

ዘይቱ በትኩሱ ተቀዳ፣ ወንፊቱ ታጠበ። ሸራዎቹ ወጥተው ተጠረጉና በንጹህ ዘይት ተነክረው ተመለሱ። የተሞላው 20ደብልዩ-50 ነው፣ ጠርሙሱ ላይ «ጃሶ ኤምኤ» የሚል፤ ይህ የጃፓን የሞተር ሳይክል ዘይት ደረጃ ምልክት ዘይቱ በእርጥብ፣ ማለትም ዘይት ውስጥ በሚሠራ፣ ፍሪሲዮን ላይ ተፈትኖ በቂ ሰበቃ እንዳለው ይናገራል። «ኤምቢ» የሚለው ሰበቃው ዝቅ ያለ ስለሆነ ለባጃጅ አይሆንም። ሸራ ቀዳዳው ውስጥ የያዘውን በአንድ እጥበት ስለማይለቅ፣ ጥቂት ተነድታ ዘይቱ እንደገና ተቀየረ። ከዚያም በኋላ ካንሸራተተ ሸራውን ከመለወጥ ሌላ መፍትሔ የለም።

ሁለተኛው ዘይት ከገባ በኋላ ሦስት ሰው ተጭኖ ያቺኑ ዳገት ተሞከረች። ሞተሩ በጮኸው ልክ ባጃጇም ወጣች።