በረዶ የሚጠብቀው ሙዚቀኛ

ሪጋ የገባሁት ጥር ላይ ነው። ወዳጆቼ "ሐምሌ ይሻልሃል" ብለውኝ ነበር፤ እኔ ግን የሄድኩት በረዶውን ብዬ ነው። ከ250 ዓመት በፊት በዚህች የላትቪያ ከተማ የኖረው ጀርመናዊው ሙዚቀኛ ዮሐን ጎትፍሪድ ሙተል፣ የሰረገላ ኳኳታ እንዳይረብሸው ለሰው የሚጫወተው መንገዱ በወፍራም በረዶ ሲሸፈን ብቻ ነበር ይባላል። ያንን ጸጥታ በጆሮዬ ልሰማው ፈለግሁ።

ማልጄ ወደ አሮጌው ከተማ ወጣሁ። ሌሊቱን ሲጥል ያደረው በረዶ ኮብልስቶኑን ውጦታል። መኪና በአጠገቤ ሲያልፍ የጎማው ድምፅ እንኳ አልተሰማኝም። ያኔ ገባኝ። በዚያ ዘመን እንደ ሙተል ያሉ ሙዚቀኞች አብልጠው የሚወዱት ክላቪኮርድን ነበር፤ ጠጋ ብለው ካላዳመጡት የማይሰማ፣ ድምፁ ሹክሹክታ የሚመስል ባለ ቁልፍ መሣሪያ። አንድ ሰረገላ ካለፈ ዜማው አለቀለት።

ሙተል የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1728 ሰሜን ጀርመን፣ ሞልን ውስጥ ነው። በ1750 ከሚሠራበት ከሽቬሪን ቤተ መንግሥት ፈቃድ ወስዶ ላይፕዚግ ሄደና የታላቁ የሙዚቃ ደራሲ የዮሐን ሰባስቲያን ባኽ የመጨረሻ ተማሪ ሆነ። ባኽ ዓይኑ ከድቶት ነበር፤ ተማሪው በመጣ በሦስት ወር ገደማ አረፈ። ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ! ባሰብኩት ቁጥር ያሳዝነኛል። በኋላ ከባኽ ልጅ ከካርል ፊሊፕ ኢማኑኤል ጋር ወዳጅነት መሠረተ፤ በ1753 ሪጋ መጥቶ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1788፣ እዚያው ኖረ።

ሙተል ከ1767 ጀምሮ ኦርጋን ይጫወትበት ወደነበረው ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ገባሁ። ሕንፃውን በ1941 ጦርነት እሳት በልቶታል፤ እርሱ የነካው ኦርጋን ዛሬ የለም፤ የጡብ ምሰሶዎቹ ግን ቆመዋል። በሊፍት 72 ሜትር ላይ ወዳለው ሰገነት ወጥቼ፣ በ1771 በዚሁ ከተማ ያሳተመውን ዱዌቶ፣ ለሁለት ክላቪየር (ባለ ቁልፍ መሣሪያ) የተጻፈውን ሙዚቃ፣ በማዳመጫ ከፈትኩ። ርዕሱ ላይ ያኔ ገና አዲስ የነበረው ፎርቴፒያኖ፣ የቀድሞው ፒያኖ፣ ተጠቅሷል። ዜማው በለሆሳስ ይሄድና ቃል እንደጠፋው ሰው ድንገት ቀጥ ይላል፤ ከዚያ በጥድፊያ ይንደረደራል። ሙተልን "በባሮክና በክላሲክ" የሙዚቃ ዘመናት "መካከል መሸጋገሪያ" ይሉታል፤ ይህን አባባል አልወደውም። እዚያ ላይ ቆሜ የሰማሁት ሰውየውን ራሱን ነው።

ስወርድ በረዶው እንደገና መጣል ጀምሯል። ማዳመጫውን ኪሴ ከትቼ ወደ ዳውጋቫ ወንዝ በእግሬ ሄድኩ።