ማህተም ያልነካው ጉዞ፦ ከዱባይ በቦሌ አድርጎ ሂትሮው

በማርች አጋማሽ ከዱባይ ስወጣ የእጅ ቦርሳዬ ውስጥ አንዲት ቀጭን ደብተር ነበረች። ያለባት ቀን ብቻ ነው። ገባሁ፣ ወጣሁ፣ እዚህ አደርኩ፣ እዚያ አደርኩ። ያስጀመረችኝ ለንደን ያለችው አካውንታንቴ ናት። "በታክስ ዓመቱ እያንዳንዷን ሌሊት የት እንዳደርሽ ጽፈሽ ላኪልኝ" አለችኝ። የእንግሊዝ ግብር ይመለከተኛል ወይ የሚለው በሌሊቶቹ ቁጥር ነውና። ፓስፖርቴን አገላበጥኩ። ከቦሌ ማህተሞች በቀር ነጭ ወረቀት ነው።

ፓስፖርቴ የእንግሊዝ ነው፤ ሥራዬና ቤቴ ዱባይ። ዱባይ ስገባም ስወጣም የሚያሳልፈኝ ማሽን ነው። እንግሊዝ ስገባ ማሽን ነው፣ ስወጣ ደግሞ ጭራሽ ማንም የለም። ማሽን ፊት ያያል እንጂ ማህተም አይመታም።

የዱባይ ኤርፖርት የኢ-ጌት፣ ማለትም መንገደኛውን ለይቶ በራሱ የሚከፍት በር፣ ነገር የተጀመረው በ2002 ነው። ያኔ ካርድ ነበረው። አሁን የተመዘገበ ነዋሪ ፊቱን ይዞ ቢመጣ ይበቃዋል። የመስታወቱ በር ይከፈታል፣ ወለሉ ላይ የተሳለው የእግር ምልክት ላይ ይቆማል፣ ካሜራውን ያያል፣ አረንጓዴ ይበራል። ከሰው ጋር ቃል ሳይለዋወጡ ሀገር ለቆ መውጣት ነው።

ከፊቴ አንዲት ወጣት ነበረች። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ በፕላስቲክ የታሸገ ትልቅ ብርድ ልብስ ታቅፋለች። በሩ አልከፈት አላት። ስክሪኑ በአረብኛና በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ይላል፤ እሷ ወለሉን ታያለች። "እህቴ፣ ብርድ ልብሱን አስቀምጪውና ቀና ብለሽ ካሜራውን እይ" አልኳት። ከፈተላት። ስሻገር ወዲያ ማዶ ቆማ ትጠብቀኛለች።

"ማህተሙን የት ነው የሚመቱልኝ?"

"አይመቱም፤ አልቋል።"

"እንዴ! መውጣቴን በምን ያውቃሉ? ማዳም ጠፍታለች ብትልስ?"

ማሽኑ ቀኑንም ሰዓቱንም እንደመዘገበ ነገርኳት። ትንሽ አሰብ አደረገችና፣ "ለነሱማ መዘገበላቸው፤ እኔ ምን ያዝኩ?" አለችኝ።

መልስ አጣሁ። ለእረፍት ነው የምትሄደው። የኤምሬትስ ነዋሪነት ፈቃድ ያለው ሰው፣ ጎልደን ቪዛ የሚባለው የረጅም ጊዜ ፈቃድ ካልሆነ በስተቀር፣ በአጠቃላይ ከስድስት ወር በላይ ውጭ ከቆየ ፈቃዱ ይበላሽበታል። ስለዚህ የወጣችበትን ቀን የሚያሳይ ነገር ብትፈልግ አይፈረድባትም። መጨረሻ ላይ የበረራ ሰሌዳው ስር ቆማ፣ ቦርዲንግ ፓሷን ደረቷ ላይ ይዛ ፎቶ እንዳነሳት ጠየቀችኝ። አነሳኋት። የእኔ አካውንታንት ብታያት ታቅፋት ነበር።

ቦሌ ሌላ ዓለም ነው። ሰልፍ አለ፣ መስኮት አለ፣ መስኮቱ ውስጥ ሰው አለ። ቢጫ ካርዴን፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያዬን፣ ከፓስፖርቱ ጋር ሰጠኋት። አገላበጠችው፣ ፊቴን አየችው፣ ከዚያ ጧ! አድርጋ መታችው። "እንኳን ደህና መጡ።" ድሮ ይሄን ሰልፍ ስረግመው ኖሬያለሁ። አሁን ማህተሙ በደንብ መነበቡን እዚያው ቆሜ አየሁ። ይሄም ቢሆን ዕድሜው ረጅም አይመስለኝም። ኢትዮጵያም በየካቲት 2017 (በእኛ አቆጣጠር) ቺፕ ያለውን ኤሌክትሮኒክ ፓስፖርት አስተዋውቃለች። እንደ እንግሊዝ ያሉ በሮች የሚያነቡት ያንን ቺፕ ነው።

አዲስ አበባ የቆየሁት አጭር ጊዜ ነው። ጾም ስለነበር የአጎቴ ልጅ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ በያይነቱ ጋበዘኝ። እሱ የቨርጂኒያ ሰው ነው፤ አሁን ሥራው አዲስ አበባ ነው። ስለ ደብተሬ ስነግረው ሳቀና ስልኩን አወጣ። እሱም ይቆጥራል!

የአሜሪካ ዜጋ የትም ቢኖር የዓለም ገቢውን ለአሜሪካ ማሳወቅ አለበት። ግሪን ካርድ ያለውም እንደዚያው። ማምለጫ የምትመስለው ደመወዝን ከታክስ ነፃ የምታደርገው ድንጋጌ ናት፤ ለ2025 ጣሪያዋ 130,000 ዶላር ነበር። እሷን ለማግኘት አንደኛው መንገድ በተከታታይ 12 ወራት ውስጥ 330 ሙሉ ቀን ውጭ ሀገር መገኘት ነው። ሙሉ ቀን ማለት ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። ዓለም አቀፍ ውኃ ላይ እየበረረ ያሳለፈው ጊዜ ውጭ ሀገር ነበር አያስብልም። "እናቴ ታማ ብሄድ እንኳ እየቆጠርኩ ነው የምጠይቃት" አለኝ።

"እዚህስ?" አልኩት።

እዚህም አለ። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት በአንድ ዓመት ውስጥ በተከታታይም ሆነ በመመላለስ ከ183 ቀን በላይ ኢትዮጵያ ውስጥ የተገኘ ሰው ለግብር ነዋሪ ነው። እሱ ይሄን ካለፈ ቆይቷል። ለሁለት ጌታ የሚያድር ማለት እሱ ነው፤ ለአንዱ የከፈለውን ከሌላው ላይ ለማስቀነስ በየዓመቱ ወረቀት ሲያገላብጥ ይከርማል።

ከዚያ የለንደን ሌሊት በረራ። ሂትሮው ስናርፍ ገና ጠዋት ነው። እንግሊዝ ኢ-ጌትን መጀመሪያ የሞከረችው በ2008 ማንቸስተር ኤርፖርት ነው። በ2023 ከ10 ዓመት ልጅ ጀምሮ እንዲገባበት ተፈቅዷል። ከ2019 ወዲህ ደግሞ አሜሪካኖች፣ ካናዳውያን፣ ጃፓኖችና ሌሎችም በዚሁ በር ያልፋሉ። ብዙ ጊዜ ፈጣን ነው። ሲበላሽ ግን ሀገር ይቆማል፤ በሜይ 2024 አንድ ምሽት በመላ ሀገሪቱ ኢ-ጌቶቹ ሥራ አቁመው ሰው በየኤርፖርቱ ለሰዓታት ተሰልፏል። እኔ መነጽሬን አወለቅኩ፣ ፓስፖርቴን አስነበብኩ፣ ገባሁ። ደብተሬን አውጥቼ ቀኑን ጻፍኩ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ዱባይ ቡና ላይ ስንቀመጥ ስለዚህ ነገር የሚወራው ብዙው ስህተት ነው። "183 ቀን ካልሞላሽ እንግሊዝ አይነካሽም" ይሉኛል። "ኤምሬትስ አይዲ"፣ ማለትም የነዋሪ መታወቂያው፣ "ካለሽ በቃ" የሚሉም አሉ። ቪዛ ሌላ፣ ታክስ ሌላ ነው።

ከኤፕሪል 6፣ 2013 ጀምሮ እንግሊዝ የታክስ ነዋሪነት ፈተናዋን በሕግ አስፍራለች። 183 ቀን ከሞላ ጥያቄ የለውም፤ ነዋሪ ነህ። ከዚያ በታች ግን ከሀገሪቱ ጋር ያለህ ትስስር ይቆጠራል። የትዳር ጓደኛህ ወይም ትንንሽ ልጆችህ እዚያ ናቸው? የምታድርበት ቤት አለህ? እዚያ ትሠራለህ? ካለፉት ሁለት ዓመታት በአንዱ ከ90 ቀን በላይ ነበርክ? ከየትኛውም ሀገር ይልቅ ብዙ ሌሊት ያደርከው እዚያ ነው? በቅርቡ ከሀገሪቱ የለቀቀ ሰው ሦስት ትስስር ካለው 46 ቀን እንኳ ነዋሪ ሊያደርገው ይችላል። ሁለት ካለው 91 ቀን ይበቃል። 183ን ተማምኖ የሚመላለስ አባወራ ልጆቹ ለንደን ከሆኑ ሳያውቀው ገብቶ ቁጭ ብሏል።

እኔን የሚያድነኝ ውጭ ሀገር ሙሉ ጊዜ መሥራቴ ነው። ለዚያም ሁለት አጥር አለው። እንግሊዝ ውስጥ ያደርኩባቸው ቀናት ከ91 ማነስ አለባቸው። እዚያ ሆኜ ከሦስት ሰዓት በላይ የሠራሁባቸው ቀናት ደግሞ ከ31 ማነስ አለባቸው። ሁለተኛው ነው የሚያስቸግረው። አካውንታንቴ በስልክ፣ "እናትሽ ቤት ሆነሽ ላፕቶፕ ከፍተሻል?" ስትለኝ እማዬ ሽሮዋን እያማሰለች ትሰማለች።

"ምን አገባት ላፕቶፕሽ?"

"ከሦስት ሰዓት በላይ ከሠራሁ ይቆጠርብኛል።"

"ታዲያ ዝጊውና ብዪ!"

ከሕጉ ምክር አንድም አልራቀችም።

ቀን የሚቆጠረው በመሠረቱ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ የት እንደነበርክ እየታየ ነው። ጠዋት ገብቶ ማታ የወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀን አይቆጠርበትም። ስለዚህ የመመለሻ በረራዬን ማታ 3 ሰዓት ላይ ነበር የያዝኩት። በሩ ጋ ተቀምጠን ሳለ ዘገየ አሉን። እንደገና ዘገየ አሉን። በመጨረሻ ጠዋት ነው የምትሄዱት ተባለ፤ የሆቴል ኩፖን ታደለን። አጠገቤ ያለው ሰውዬ ስለ እራቱ ይጨቃጨቃል። እኔ ሰዓቴን አያለሁ። የእንግሊዝ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት ከአቅም በላይ ለሆነ ምክንያት እስከ 60 ቀን ሊተው ይችላል፤ ሕመም፣ የቤተሰብ አጣዳፊ ጉዳይ የመሳሰሉትን ማለት ነው። መመሪያው ግን ተራ የጉዞ መስተጓጎልን ከዚያ አይቆጥረውም። ሳልፈልግ አንድ ሌሊት ተጨመረብኝ።

ማስረጃው ደግሞ የባሰ ነው። እንግሊዝ ስትወጣ ፓስፖርትህን የሚያይ የኢሚግሬሽን ሰው የለም። ከ2015 ወዲህ መንግሥት የሚያውቀው አየር መንገዶቹ ከሚልኩት የመንገደኛ መረጃ ነው። መረጃው አላቸው፤ ጥያቄ ሲመጣ ግን አስረዳ የሚባለው መንገደኛው ነው። የእንግሊዝ የሀገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የሆነውን ሆም ኦፊስን ስለ ራስህ የተያዘውን መረጃ መጠየቅ ይቻላል። ክፍያ የለውም፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ያ እስኪመጣ ያለን የካርድ ክፍያ፣ ቦርዲንግ ፓስና የስልክ ቢል ነው። እኔ ያችን ሌሊት የሆቴሉን ክፍል ካርድ ሳይቀር ፎቶ አንስቼዋለሁ።

አውሮፓም ወደዚያው እየሄደ ነው። የሸንገን ሀገሮች ከኦክቶበር 12፣ 2025 ጀምሮ ለአጭር ጊዜ የሚመጣውን የውጭ ዜጋ አሻራና ፊት እየመዘገቡ ነው፤ ዕቅዱ እስከ ኤፕሪል 10፣ 2026 ማህተሙን ሙሉ በሙሉ መተካት ነበር። በ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ አይቆይም የሚለውን ሂሳብ ከእንግዲህ ኮምፒውተር ይሠራዋል። ድሮ የደበዘዘ ማህተም ያዳነው ሰው ብዙ ነው። ያ ቀረ።

ዱባይ ስመለስ በሩ ዓይን ሳላሽ አስገባኝ። በማግስቱ የመግቢያና መውጫ ሪፖርቴን አመለከትኩ። ይሄን በተመለከተ ኤምሬትሶችን አመሰግናለሁ፤ ማህተሙን ወስደው ቢያንስ ዝርዝሩን መልሰው ይሰጣሉ። የታክስ ነዋሪነት የምስክር ወረቀት ሲጠየቅም ይሄ ሪፖርት ይፈለጋል። ከማርች 1፣ 2023 ወዲህ ባለው ደንብ አንድ ሰው በ12 ወር ውስጥ 183 ቀን ከቆየ የታክስ ነዋሪ ነው። የነዋሪነት ፈቃድና እዚያ ሥራ ወይም ቋሚ መኖሪያ ላለው 90 ቀንም ይበቃዋል። የግል ገቢ ግብር በሌለበት ሀገር የታክስ ነዋሪ ነኝ ብሎ ወረቀት መለመን ያስቃል። ወረቀቷ የምትሠራው ግን ለሌላው ሀገር ነው፤ በእንግሊዝና በኤምሬትስ መካከል ያለውን ስምምነት ለመጠቀም እሷ ትጠየቃለች።

ሪፖርቱን ከደብተሬ ጋር መስመር በመስመር አስተያየሁት። ገጠመ። ለአካውንታንቴ ሁለቱንም ላክሁላት፣ የሆቴሉን ፎቶ ጨምሬ። "ሌሊቷ ትቆጠራለች፤ ግን ከ91 በታች ነሽ" አለችኝ።

ቀጥሎ ፋሲካ አለ። በ2026 ኤፕሪል 12 ላይ ነው የዋለው። እማዬ መጀመሪያውኑ "እስከ ፋሲካ ቆዪ" ብላ ለምናኝ ነበር። የእንግሊዝ የታክስ ዓመት ግን ኤፕሪል 5 ያልቃል። ይሄ እንግዳ ቀን የመጣው እንግሊዞች በ1752 ካላንደራቸውን ሲቀይሩ 11 ቀን ስለዘለሉ ነው፤ ግብሩ ላይ እንዳይጎድልባቸው የድሮውን ዓመት መጨረሻ ወደፊት ገፉት። እኛን በካላንደራችን የሚያሾፉብን ይሄን ቢያውቁ ደስ ይለኝ ነበር። ለማንኛውም ትኬቴን ለኤፕሪል 9 ቆረጥኩ። አዲስ ዓመት፣ አዲስ ቆጠራ።

ደውዬ ስነግራት እማዬ ደስ አላት። ምክንያቱን ሳስረዳት ግን ዝም ብላ ሰምታኝ፣ "ለመሆኑ ዶሮዋን ስንት ሰዓት ከሠራሽ ነው የሚቆጥሩብሽ?" አለችኝ።